ሥራ ስታጡ ከሰው አትጥፉ፦ ለሰሜን ሸዋ ሰው የተጻፈ መመሪያ

ሥራ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ገንዘብ ይመስለዋል። እኔ እንደማየው ግን ቶሎ የሚጠፋው ሰው ነው። በመጀመሪያ ዕቁብ ይቋረጣል። ከዚያ ለማኅበሩ ማዋጣት ያቅትና ይቀራል። ሠርግ ሲጠሩት «አሞኛል» ይላል። ዕድሩ ሁለት ሦስት ወር ሲያልፍበት ጸሐፊውን ገና ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ዓመት ሳይሞላ ሥራ የሚጠቁመው፣ ዋስ የሚሆነው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሰው አይኖርም። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ግን በእኛ አገር ሥራም ብድርም ቤት ኪራይም የሚገኘው በሰው በኩል ነውና፣ ስለ ወረቀትና ስለ ብር በምጽፍበት ቦታ ሁሉ ስለ ሰው ማውራቴ አይቀርም።

የጻፍኩት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሠርቶ ለተቀነሰ፣ ዲግሪውን ይዞ መሐል ሜዳ ወይም እነዋሪ እናቱ ቤት ለተቀመጠ፣ ከአጣዬ ወይም ከወለጋ ተፈናቅሎ ለመጣ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጠዋት ጠዋት የቀን ሥራ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ሁሉም ነገር ለሁላችሁም አይሆንም። የሚሆናችሁን ውሰዱ።

ጥፋቱን ከራሳችሁ ላይ አውርዱ

ደብረ ብርሃን ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር። ከዚያ ቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ፣ በ2011 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ከየወረዳው ልጆች እየመጡ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው መሥራት ጀመሩ። ወዲያው ደግሞ ነገሩ ተደራረበ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፤ ልብስ ሰፍተው ወደዚያ ይልኩ ለነበሩ ፋብሪካዎች ከቀረጥ ነፃ የሆነው በር ተዘጋ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ይህ ሁሉ እናንተ ያደረጋችሁት አይደለም። ሥራ የሌለው ልጅ እናቱ ፊት አንገቱን የሚደፋው ሰነፍ የሆነ ስለሚመስለው ነው። አይደለም። ይህን ከልባችሁ ካላመናችሁ ከታች የምጽፈውን ለመሥራት ጉልበት አይኖራችሁም።

ከተቀነሳችሁበት ቤት ገንዘባችሁን ሳትይዙ አትውጡ

ብዙ ሰው «ከነገ ጀምሮ አትምጡ» ሲባል ዕቃውን ሰብስቦ ዝም ብሎ ይወጣል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚባል ሕግ አለ፤ ለእናንተም ይሠራል።

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እሱን ካለፋችሁ ድርጅቱ ሠራተኛ የሚቀንሰው የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም አለ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። የቀን ደመወዛችሁ 100 ብር ነው እንበል፤ ሦስት ዓመት ሠርታችኋል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 3,000 ብር። ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ ይጨመራል፣ 2,000 ብር። የወጣችሁት በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል፣ 6,000 ብር። ጠቅላላው 11,000 ይሆናል። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድም ወደ ብር ይለወጣል። ይህ ገንዘብ ከጥቂት በጎች ጋር ሥራ ሊያስጀምር የሚችል ነው፣ ለአሠሪው የምትተዉት አይደለም።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። «ነገ ና፣ ሰኞ ነይ» እያሉ ሊያመላልሷችሁ ይችላሉ። መመላለሱ ራሱ ወጥመድ ነው፣ ምክንያቱም ጊዜ ያልፍባችኋል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ከሥራ ስንብት ጋር የተያያዘ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሁለቴ ጠይቁ፤ ካልሆነ በጽሑፍ አመልክታችሁ ቅጂው ላይ አስፈርሙ፤ ከዚያ የከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ እዚያም ካልተፈታ ፍርድ ቤት። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የቻላችሁ አብራችሁ ከተቀነሱት ጋር ሆናችሁ ሂዱ። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ ይፈራል፣ ሰባት ስምንት ሆኖ ሲሄድ ግን ቢሮው ራሱ ወንበር ይፈልግለታል።

የሥራ ልምድ ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሠራችሁት የሥራ ዓይነት፣ ዘመኑና ደመወዙ ይጻፍበት። ደሞዝ ስትቀበሉ የተቆረጠ ጡረታ ካለ (ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው) የጡረታ ቁጥራችሁንም ያዙ፤ ነገ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ በዚያው ይቀጥላል።

ወረቀታችሁን አስተካክሉ

አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ ዕድል የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ቀበሌ ሂዱና ሥራ ፈላጊነታችሁን አስመዝግቡ። ካርዱ ብቻውን ሥራ አይሰጥም። ሥልጠና ሲመጣ፣ ሼድ ሲታደል፣ በኢንተርፕራይዝ ለመደራጀት ስም ሲሰበሰብ ግን የሚታየው ያ መዝገብ ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ ጠፍታችሁ አትቅሩ። አልፎ አልፎ ብቅ እያላችሁ «ስሜ አለ ወይ፣ ስልኬ ትክክል ነው ወይ» በሉ። ስልክ ቀይራችሁ ካልነገራችሁ ከዝርዝሩ ወጣችሁ ማለት ነው።

ፋይዳ የሚባለውን ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ አውጡ፣ ምዝገባው ነፃ ነው። ሙያ በልምድ የተማራችሁ፣ ማለት አባታችሁ ጋራዥ ወይም አጎታችሁ እንጨት ቤት ያደጋችሁ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈተኑ። ክፍል ገብቶ ያልተማረ ሰውም ሙያውን ከቻለ ይፈተናል። የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሥራ የሚጠይቅ ግንበኛና «እችላለሁ» ብሎ የሚጠይቅ ግንበኛ አንድ ዓይነት ሒሳብ አይከፈላቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ተፈናቅላችሁ የመጣችሁ ሰዎች ችግራችሁ መሸኛ ነው። የቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ካልጻፈ አዲሱ ቀበሌ መታወቂያ አይሰጥም። መታወቂያ ከሌለ ሥራ የለም፣ ቤት የሚያከራይ የለም። እንግዲህ ቤቱ ተቃጥሎ የሸሸ ሰው ማን ዘንድ ሄዶ መሸኛ ያጽፋል? እኔ ካየሁት የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ በተፈናቃይነት የተመዘገባችሁበትን ማስረጃ ከመጠለያው ኮሚቴ አውጡ። ፋይዳ ሰነድ የሌለውን ሰው በምስክር የሚመዘግብበት አሠራር አለውና እሱን ቅደሙ። ነዋሪነትን አይተካም፣ ማንነታችሁን ግን ያረጋግጣል። ከዚያ በሰፈሩ የታወቁ ሰዎች፣ የዕድር ዳኛ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱ ኢማም፣ እንዲመሰክሩላችሁ ይዛችሁ ቀበሌ ግቡ። ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ተቀምጦ ለዓመታት ከካምፑ ሰው ሌላ የማያውቅ ሰው ይህን ምስክር ከየት ያመጣል? ለዚህ ነው ሰፈር ውስጥ መታወቅ የሥራ ፍለጋው አንድ ክፍል ነው የምለው። በበዓል ቤተ ክርስቲያን ስታስቀድሱ፣ መስጊድ ስትሰግዱ፣ ለቅሶ ስትደርሱ ስማችሁን ተናገሩ።

ከዕድር አትውጡ፣ ዕቁብን አሳንሱ

የአንድ ሰፈር ዕድር ደብተር በቅርብ አይቻለሁ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ በግራ ስም፣ በላይ ወር፣ የተከፈለበት ወር ላይ የጸሐፊው ፊርማ፣ ያልተከፈለበት ባዶ። አንዳንድ ስም ፊት ባዶው ከጥቅምት እስከ ሰኔ ይሄድና ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ጸሐፊውን ጠየቅኳቸው። ከተሰረዙት ውስጥ መጥቶ «እጅ አጠረኝ» ያለ አንድም ሰው የለም አሉኝ። ሁሉም ዝም ብለው ነው የጠፉት። አንዷ እናቷ ስትሞት ድንኳን የጠየቀችው ከሌላ ሰፈር ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ወር ሳያልፋችሁ የዕድሩን ዳኛ ቤታቸው ሄዳችሁ አናግሩ። ስብሰባ ላይ አይሁን፣ ሰው ፊት ከባድ ነው። «ጋሼ፣ ሥራዬን አጥቻለሁ። እስከ ጥር ጊዜ ይስጡኝ፤ እስከዚያው ድንኳን በመትከል፣ ውሃ በማመላለስ ላገልግል» በሉ። እንቢ የሚል ዳኛ አላውቅም ማለት አልችልም፣ አብዛኞቹ ግን ይሰማሉ። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ እንጨት የሚፈልጥ ልጅ ደግሞ ሁሉም ያየዋል። «የማን ልጅ ነህ? ሥራ የለህም እንዴ?» ተብሎ እዚያው ሥራ የተነገረው ሰው አውቃለሁ።

ዕቁብ ሌላ ነው። ትልቁን ዕቁብ በብድር አትጣሉ፣ ዕዳ ላይ ዕዳ ይሆናል። ግማሽ ዕጣ ከሌላ ሰው ጋር ተካፈሉ፤ ካልሆነ ሰብሳቢውን አስፈቅዳችሁ በሥርዓት ውጡ። የማኅበር ተራችሁ ከደረሰና ጠላ መጥመቅ ካልቻላችሁ ተራችሁን ተለዋወጡ። ማኅበርተኛ ይህን ይረዳል።

ዳኛ ወይም ጸሐፊ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ «ሥራ ያጣ አባል እስከዚህ ጊዜ ድረስ አይሰረዝም» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ልጅ ልካችሁ ሰውየው ቤት ጠይቁ እንጂ ደብተሩ ላይ ብቻ አትፍረዱ።

የት መጠየቅ፣ ከማን መራቅ

ፋብሪካ በር ላይ በአካል ሂዱ። የቴሌግራም ማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ የጉልበትና የማሽን ሥራ ተለጥፎ የሚነገረው በር ላይ ነው፤ ውስጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከማስታወቂያውም ቀድሞ ይሰማል። ደብረ ብርሃን ብቻ አትዩ። ለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፣ አረርቲ ኢንዱስትሪ አለ፣ ምንጃር ላይ ጤፍ ሲደርስ አጨዳና ውቂያ ሰው ይፈልጋል። የወቅት ሥራን አትናቁ። ኅዳርና ታኅሣሥን በአጨዳ ያሳለፈ ልጅ ቤት ከተቀመጠ ልጅ ይሻላል፣ ገንዘብም ሰውም ይዞ ይመለሳል።

አገር ውስጥ የሚያስቀጥር ኤጀንሲ ከሠራተኛ ገንዘብ መቀበል አይችልም፣ ሕጉ ይከለክላል። «ለፎርም»፣ «ለሻይ» እያለ ብር የሚጠይቃችሁን ሰው ጥላችሁ ሂዱ።

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ ሳዑዲ የሚወስዱ ደላሎች ሥራ የሌለውን ልጅ ይሸቱታል። «መጀመሪያ ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላሉ። የሚከፍለው ልጁ አይደለም። በመንገድ ይያዝና እናቱ ላም ሸጣ፣ መሬት አከራይታ ትከፍላለች። ዓረብ አገር መሄድ የወሰነች እህት ካለች ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በመንግሥት ተመዝግባ፣ ውሏን አንብባ፣ አንዱን ቅጂ ቤት ትታ ትሂድ።

ዋስ የሚጠይቅ ሥራ ብዙ ነው፣ በተለይ ንብረትና ገንዘብ ያለበት። ዋስ ለመሆን ሰው የሚፈራው እናንተን ጠልቶ ሳይሆን ቤቱን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ የምትገቡበትን ሥራ፣ የሚያዝባችሁን ንብረት፣ ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። መጠኑ በወረቀት ላይ ይወሰን።

የራሳችሁን ልትጀምሩ ከሆነ

አብዛኛው በማኅበር የተደራጀ ቡድን የሚፈርሰው በገበያ እጦት አይደለም። ስም ለማሟላት ብቻ በተሰባሰቡ ሰዎች ነው። ቀበሌ «አምስት ሁናችሁ ኑ» ሲል አራት ሰው ይገኝና አምስተኛው መንገድ ላይ ይለመናል። ያ አምስተኛው ብሩ ሲመጣ ድርሻዬን ስጡኝ ይላል። ከመደራጀታችሁ በፊት አብራችሁ አንድ ትንሽ ሥራ ሥሩ። አንድ ወር የአንድ ሰው ግቢ አጥር እጠሩ፣ በጋራ ድንች ገዝታችሁ ሽጡ። በዚያች ትንሽ ገንዘብ ማን እንደሚያረፍድ፣ ማን ሒሳብ እንደሚደብቅ፣ ማን ሲደክመው እንደሚቆጣ ይታያል። ከዚያ ደንብ ጻፉ። የወጣ አባል ምን ይዞ ይወጣል? የታመመ አባል ትርፍ ይደርሰዋል? ያረፈደ ይቀጣል? እነዚህን ሦስቱን በጽሑፍ ካልመለሳችሁ ብድር አትጠይቁ።

ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ሥራ አሁን ከባድ ነው፣ ምንዛሪው ባየነው መንገድ ሄዷልና። ከዙሪያችሁ የሚገኝ ነገር ምረጡ። ሰሜን ሸዋ ምን አለው? በግ አለው፣ ሱፍ አለው፣ ገብስ አለው፣ ባቄላ አለው። የመንዝን ባና፣ ያን የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ፣ በሌላው አገር ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ የሚፈትሉት እናቶች ግን በየቤታቸው ተበታትነው ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣሉ። ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ ጠርዙን አሳምሮ፣ ፎቶ አንስቶ የሚሸጥ ወጣት ቢኖር ለእሱም ለእነሱም ሥራ ነው። ከእናቶቹ ጋር ዋጋውን በግልጽ ተነጋግሮ ግን።

በግ ማደለብ ብዙ ሰው ይጀምረዋል፣ ብዙ ሰውም ይከስርበታል፣ ምክንያቱም በበዓል ሰሞን ገዝቶ በበዓል ሰሞን ይሸጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾሙ እንደገባ ሥጋ ፈላጊ ይቀንሳል፣ በግም ይረክሳል። ያን ጊዜ ግዙ። ገና ያላረጀ፣ ጥርሱ ያልተነቀለ፣ ከስቶ ግን ጤነኛ የሆነ ወንድ በግ ምረጡ፤ ወገቡን በእጃችሁ ስትጫኑት አጥንቱ ይሰማችሁ፣ ዓይኑ ግን የነቃ ይሁን። ደብረ ብርሃን አካባቢ የአረቄ አተላ ከመንደሩ፣ የብቅል ተረፈ ምርት ከቢራው ይገኛል። ቀስ በቀስ አላምዱት፣ በአንዴ ከሰጣችሁት ሆዱን ይነፋዋል። ሕማማት ላይ ሽጡ። በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ሦስት በግ ሞክሩ።

ድንችና አትክልት ላይ አንድ ነገር አስቡ። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ምን ይሆናል? ሱፍ ይቀመጣል፣ ገብስ ይቀመጣል። ቲማቲም አይቀመጥም። ካፒታላችሁ አነስተኛ ከሆነ የሚቀመጠውን ምረጡ።

ብድር ስትፈልጉ ጸደይ ባንክ ሂዱ፣ አሁንም ብዙ ሰው አብቁተ ይለዋል። ቤትና መኪና የማያስይዝ ሰው በቡድን ዋስትና የሚበደርበት መንገድ አለ። ማሽን ከሆነ የምትፈልጉት ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስን ጠይቁ፤ ማሽኑን ገዝቶ በኪራይ ግዢ ይሰጣል። ወለዱንና የመክፈያ ጊዜውን ሳታሰሉ አትፈርሙ። ብድር ሦስት ወር ሳትሸጡ ልትከፍሉት የምትችሉት መጠን ይሁን።

የእጅ ሙያ ስላላቸው ጎረቤቶቻችን

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ቆዳ የሚያለፉ ቤተሰቦች በሰሜን ሸዋ አሉ። ሥራ አላቸው፣ እኛ ግን «ቡዳ» እያልን ገፍተናቸዋል። አንዲት ሸክላ ሠሪ ገበያ ስትሸጥ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ምጣዷን ሁሉም ይገዛል፣ ጣቱን በምጣዱ ጠርዝ እያዞረ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ዋጋ ይከራከራል። የሰጠችውን ጠላ ግን የሚቀበላት የለም። ልጇ ትምህርት ቤት ብቻውን ይቀመጣል። አፄ ምኒልክ፣ የአንጎለላው ልጅ፣ ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ዕድራችሁ ውስጥ አስገቧቸው። ምጣዱን ከነጋዴ ሳይሆን ከእጃቸው ግዙ። ቡናቸውን ጠጡ፣ ልጆቻችሁም ሲያዩ ጠጡ። እናንተ ባለ እጆች ደግሞ ሙያችሁን በኢንተርፕራይዝ አስመዝግቡ፣ ሲኦሲ ተፈተኑ፣ የመሸጫ ቦታ ሲታደል ስማችሁ እንዲኖር ግቡ። ቀበሌ ላይ የሚያጣጥላችሁ ካለ በጽሑፍ አቤት በሉ።

በሽታና ረሀብ ሲመጣ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አለ። መዋጮ መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌው ሲረጋገጥ መንግሥት ይከፍልለታል። ብዙ ችግረኛ ይህን እያወቀ አይጠይቅም፣ ስሙ በስብሰባ ስለሚነበብ ያፍራል። አትፈሩ፤ አንድ የሆስፒታል አልጋ የዓመት ቁጠባ ይበላል። ራሳችሁ መጠየቅ ከከበዳችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በግል አናግሯት፣ ስማችሁን እሷ ታቀርበዋለች። ሴፍቲኔት (ለምግብ ዋስትና የሚሰጠው ድጋፍ) በሚሠራባቸው ወረዳዎችም መልማዩ ኮሚቴ ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ ስማችሁ ከቀረ ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ አለው። የመድኅኑ ምዝገባና እድሳት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በእናንተ ቀበሌ መቼ እንደሚጀምር ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ያረጀች ጎረቤት ካለቻችሁም የእሷን ስም አብራችሁ አስይዙ።